ስፌት የለሽ ልብስ

ከዱባይ መጣለት፣ ከታናሽ እኅቱ፣
ለአዛናው፣ ለባንኩ፣ በሃምሳ ዓመቱ፤
በእፍኝ የሚጨበጥ፣ ጥቁርና ልሙጥ፣
እንደ ጣና አምባዛ ከጣት የሚያመልጥ።
ሲለብሱት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት።
የውድድር ዋና ልብስ ነው። ዋጋውን ሲነግረን
ሲስተር ትጓደድ ሳቀች፤ «በሞቴ፣ አትቀልድብን!»
መምህር ፈንታሁን ግን አልሳቀም፤ አሰላ፤
«የሦስት ወር ደሞዜን በገላዬ ልጠቅልላ?»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አራዳ ገበያ ጥግ፤
እጄ ልብስ ከያዘ ገልብጦ ነው ስፌት የሚፈልግ።
ይህንም ገለበጥሁት።
ክር የለ፣ ዘምዘማት የለ፣ መርፌ የነካው የለበት፤
ተጣበቀ እንጂ አልተሰፋ።
እጄ አፈረበት።
ያቺ የስቅለት ቀን ቀሚስ ትዝ አለችኝ፣ ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነች፣
ጭፍሮቹ ሊቀዷት ሳስተው በዕጣ የተወሰደች።

ለመሆኑ እኛ ማን ነን?
ስምንት ጎልማሶች፣ ስኳርና ደም ግፊት የተካፈልን፤
ቀሃ ወንዝ፣ ከድልድዩ ግርጌ፣
ጎርፍ ትቶት የሄደ ኩሬ መዋኘት ያስተማረን።
ዛሬ አዘዞ ነን፣ ሸክላው በወላለቀ ገንዳ፣
ቅዳሜ ንጋት፣ ቦቴው ውኃ ካመጣ።
በዓመት አንድ ውድድር፤ ሽልማቱ ፔርሙዝ፤
ሰዓታችን በጠመኔ ይጻፋል፣ የጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ።

«አይፈቀድም» አለ መምህሩ፤ «ልብሱ ያንሳፍፈዋል።
ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ታዲያ የማን ይባላል?»
«የአንተስ መነጽር?» አለች ትጓደድ፤ «ውኃ ውስጥ የሚያሳይህ?
በፈጣሪ ዓይን ነው እንዴ መስመሩን ስታይ የኖርህ?
ለፔርሙዝ ነው'ኮ!»
«ለፔርሙዝ ከሆነማ ለምን ለበሰው?»
ይህን የሚመልስ ጠፋ።
እኔን ጠየቁኝ። ዝም አልሁ።
አምና በአንድ ጣት ቀድሞኛል፤ ልብሱንም ለራሴ ተመኝቼዋለሁ።

ጥበቃው ጥጋቡ፣ ቅኔ ቤት አምስት ዓመት የከረመ፣
ጠመኔውን እየሳለ እንዲህ ሲል አጉረመረመ፤
«ልብስማ ሞልቷል በገንዳው፣ ከቁምጣ እስከ ዱባይ ድረስ፤
ዋናውን ለሚዋኝ ሰው፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ልብስ?»

የውድድሩ ጧት
እግሩን በፌስታል አጥልቆ፣ ሁለት ሰው እየጎተተለት፣
ግማሽ ሰዓት ታገለ። ከዚያ ጠሽ!
ከብብቱ በታች አንድ ስንዝር ተተረተረበት።
ኮሚቴውን አላየም፤ እኔን አየኝ። «ቢራራ፣ መርፌ ይዘሃል?»
ልብስ ሰፊ ከነመርፌው እንጂ መች ብቻውን ይሄዳል?
ተንበርክኬ ሰፋሁት፣ ገላው ላይ እንዳለ፣ በጥቁር ክር፤
ተፎካካሪዬ ነው፤ አንድ ጣት ነው፤ እጄ ግን አያውቅ ማጭበርበር።
በቀዳዳው ጎኑ ታየኝ። የቀዶ ጥገና ጠባሳ፣
አሥራ አራት ጥልፍ፤ ቆጠርሁት።
ከእኔ በፊት የሰፋው ሰው ሙያ ያውቃል።
«ለማንም አትንገር» አለኝ፤ «ልብሱ ይዞኝ ነው፣ ያቅፈኛል፤
ያለ እሱ ስገባ ውኃው የሚከፍተኝ ይመስለኛል።»

ፊሽካው ተነፋ።
በስፌቴ በኩል ውኃ ገባና እንደ እንስራ ሞላው፤
ሦስተኛ ወጣ። እኔ አራተኛ፤ ከኋላው ሆኜ ጎኑን ሳየው።
ፔርሙዙን ትጓደድ ወሰደች፣ ቀለሙ በለቀቀ ልብሷ፤
አንድም ቃል አልተናገረች፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች ለራሷ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሦስት።
አዛናው አይመርጥም፤ የቀረሁ እኔ ነኝ።
ልብሱም ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፣ «አጥብቀህ ስፋልኝ» ብሎኝ።
ገበያተኛ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል።
ገልብጬ ስፌቴን አሳያለሁ፤ ትንሽ ጠማማ ናት፤
የዚያ ጧት የእጄ መንቀጥቀጥ አለባት።

ቅዳሜ ሊወስደው ይመጣል፤ ድምፄንም ይጠይቁኛል።
ጥቁሩ ክር አልቋል።
በሰማያዊ ልድገመው ይሆን እያልሁ ነው።