ወዝ

ዴኦሊንዳ ሰርዲን ስታሽግ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ዘይቱ በግንባሯ፣ ጨዉ በጉንጯ ሠርተዋል ቤት።
ግንባሯ ሁልጊዜ ክረምት፣ ጉንጮቿ ሁልጊዜ በጋ፣
ባንድ ፊት ሁለት ወቅት ሲመሽ፣ ሁለት ወቅት ሲነጋ።
ቆዳዋ ሆደ ባሻ ነው፤ የባሕር ንፋስ ካናገረው ያኮርፋል፣
ሽቶ ያለው ሳሙና ሲያይ መንገድ ለውጦ ያልፋል።
አጠገቧ ቆሜ የዓሣ አንገት የምቀላ፣
እኔ ነኝ ምስክሯ፤ ያየሁ ያ ፊት ሲቆጣ፣ ሲቀላ።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ማሽኑን አስቁሞ ተናገረ፤
«ፋብሪካችን መቶ ዓመት ሞላው» ሲል ጀመረ፣
«በቆርቆሮው ክዳን ላይ፣ ዓሣው በነበረበት፣
የነባር ሠራተኛ ፊት ይታተማል። ዓርብ ነው ፎቶው፤ ተዘጋጁበት።»
ዴኦሊንዳ ሳቀች።
ከዚያ እስከ ምሳ ዝም አለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የበላው የእጇን ነው፤
ከዚህ በፊት ፊቷን ማን ጠየቀው?

ረቡዕ ማታ ይዛኝ ሄደች መድኃኒት ቤት፣
ማቶዚንዮስ፣ ወደቡ ዳር፣ አረንጓዴ መስቀል የሚበራበት።
መደርደሪያው ፊት ቆምን። ጄል፣ ክሬም፣ ወተት፣ ዘይት፣ አረፋ፤
አንዱ «ለደረቅ» ይላል፣ አንዱ «ለወዛም»፤ ለሁለቱም የሚል ጠፋ።
«ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ እንግዛ እንዴ?» አልኳት።
አልሳቀችም። ብልቃጡን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ፊደሉ ጉንዳን ሆነባት።

አንሴልሙ ልጅ እግር ነው፤ መነጽሩ ካፍንጫው ይንሸራተታል
(የሱም ግንባር ያብለጨልጫል)።
«እስካሁን በምን ይታጠቡ ነበር?»
«በሰማያዊው የልብስ ሳሙና፤ እናቴ እንዳጠበችኝ።
ፊቴ እንደ ሳህን ሲጥ ካላለ የጸዳሁ አይመስለኝ።»
«ሲጥ የሚለው ንጽሕና አይደለም፣ ወይዘሮ፤
ቆዳዎ ነው ኡኡ የሚል፣ ወዙ እስከ ሥሩ ተመዝብሮ።»

ከዚያ አንድ አንዱን አወረደ።
«አረፋው የበዛ ግንባርዎን ያስደስታል፣ ጉንጭዎን ያስለቅሳል፤
ይህ ወፍራም ክሬም ጉንጭዎን ያባብላል፣ አፍንጫዎን ያፍናል።
አሸዋ የተቀላቀለበትን፣ እሱን ለድስት ይተዉት፤
አልኮል ያለውን፣ ጽጌረዳ የሚሸተውን፣ እዚያው ይመልሱት።»
ከታችኛው መደብ አንድ ነጭ ብልቃጥ አወጣ፤ አበባ አልተሳለበትም።
«ስስ ጄል ነው፤ ማታ ብቻ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በጣት ጫፍ።
ፎጣውን ነካ ነካ ነው እንጂ፣ መፈተግ የለም እንደ ምንጣፍ።
ቅባቱንም ሁሉንም አይጣሉት፤ ግማሹ ወዝዎ ነው።»

ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ቀስ ብላ፣ «ዓርብ ፎቶ አለኝ» አለችው።
ልጁ ብልቃጡን ወደ ኋላ ሳበው።
«እንግዲያው ዛሬም ነገም አይንኩት። ከጆሮዎ ኋላ አራት ቀን ይሞክሩት፤
ያልታወቀ እንግዳ በሠርግ ዋዜማ ጓዳ አያስገቡት።»
«ታዲያ ለፎቶው በምን ልታጠብ?»
«በውሃ» አላት።
ያኔ ሳቅን፤ ሦስታችንም፣ ከኋላችን የተሰለፉት ሽማግሌም።
አሥራ አንድ ዩሮ ከሰማንያ፤
ሳንቲሞቿ ሰርዲን ሰርዲን ይሸቱ ነበር።

ዓርብ ዕለት ፎቶ አንሺዋ የዱቄት ብሩሽ ይዛ ቀረበች፤
«ግንባርሽ ያበራል፤ ላጥፋው?» አለች።
«ተይው» አለቻት ዴኦሊንዳ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
እኔ ግን ተራዬን ስጠብቅ አየኋት፤
ደሙ በጉንጯ ቀልቶ፣ ወዙ በግንባሯ በርቶ፣
ደመወዝ የሚሉት ይህ ነው፤ ባንድ ፊት ላይ ተከፍሎ፣ ተገናኝቶ።

ማክሰኞ ከጆሮዋ ኋላ አየሁላት፤ ምንም የለም።
ጀመረች።

ክዳኑ በኅዳር ወጣ። መሐሉ ላይ ያው ዓሣው ነው፤
እኛ በጠርዙ ዙሪያ፣ ፊታችን ከምስር ፍሬ ያነሰው።
ኢዳሊና የራሷን አጣች፤ እኔም የኔን ተጠራጠርኩ።
የዴኦሊንዳን ግን ወዲያው አወቅኩ፤
ግንባሯ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን አለች።

ጉንጯስ?
ጉንጯ፣ ንፋሱ ሲመጣም፣ ዝም ብሏል።