ኩርባው ላይ

ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣
ካዛብላንካ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ እኔ የራሴን ሳይ፣
በመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስታወት
የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ቆማ አገኘኋት።
«አንቺ ነሽ?» አልኳት። «ማን መሰለሽ?» አለች።
ዐይኗን እስክትገልጥ ትንሽ ቆየች።

ጋሱል፦ ከተራራ የሚቆፈር ቡናማ ጭቃ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ሳምንቱ ሲያበቃ።
በአዘቦቱ ቀን ግን ለብ ያለ ውኃ ነው፤
ሳሙና ጉንጬን እንደ ከበሮ ነው የሚወጥረው።

ከዚያ የጽጌረዳ ውኃ፣ አክስቴ እቶ ከሸለቆ የምትልከው፣
በመድኃኒት ጠርሙስ፣ «ለሳል» የሚለውን ወረቀት ሳትልጠው።
አንድ ክረምት ባሌ ሳለ፤ በማንኪያ ለክቶ ጠጣው።
ትንፋሹ ሦስት ቀን ሽቶ ሸተተ እንጂ ሳሉስ አልለቀቀው።

የአርጋን ዘይት ሁለት ጠብታ። ሦስተኛዋ ቅንጦት ናት።
ለቱሪስት የሚሸጧት ሽታ የሌላት፣ የተጣራች ናት፤
የእኔዋ የተቆላ ፍሬ ትሸታለች፣ ትንሽም ፍየል።
እወዳታለሁ። አንገቴም ይወዳታል።

የፀሐይ መከላከያ። እዚህ ላይ አልደራደርም፤
ሐኪሟ «ሃምሳ» ብላኛለች፣ ከዚያ በታች አልወርድም።
የትራም ነጂ ነኛ! ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ መስታወት፣
ፀሐይ ያለ ትኬት ገብታ ግንባሬ ላይ የምትሳፈርበት።
ባሕሩ ዳር፣ መጨረሻው ፌርማታ፣
ከአንዱ ካቢን ወደ ሌላው ስሻገር እደግመዋለሁ፣
ነጭ አፍንጫዬን እያዩ የሚስቁ ተማሪዎች አሉ።
ይሳቁ። ሃያ ዓመት ይጠብቁ።

ለከንፈር የፌዝ ቀይ፣ በሸክላ ጽዋ የደረቀ፣
ጣቴን በምራቅ ካላረጠብኩ ያልነቃ።
ደንብ ልብሳችን ግራጫ ነው። ግራጫ ላይ
አንድ ቀይ ነገር ያስፈልጋል፤ የመንገድ መብራት እንኳ አለው።

ኩሉን ግን ከተውኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ።
የእናቴ መኳያ እንጨት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።
እጄ ፍሬን ላይ አይንቀጠቀጥም፤
ዐይኔ ሥር ሲደርስ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ልጅቷ። አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ሦስተኛው ፌርማታ፣
ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ነጭ ጋዎኗን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሮጣ።
ከኋላዬ ካለው ወንበር ቁጭ ብላ ቦርሳዋን ትዘረግፋለች፤
እኔ በካሜራው ስክሪን አያታለሁ፣ እሷ ስልኳን መስታወት አድርጋለች።
ክዳኑ የተሰበረ፣ በፀጉር ላስቲክ የታሰረ ፓውደር፣
ከቀፎው ሥር በክብሪት እንጨት የሚጫር የመጨረሻ ከንፈር።
አራተኛው ፌርማታ፣ ጉንጭ። አምስተኛው፣ ቅንድብ።
ስድስተኛውን አልፈን፣ ገበያው ጋ፣ ሀዲዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ
የኩል እርሳሷን ታወጣለች። ትንፋሿን ትይዛለች።

የመጀመሪያው ቀን አላወቅኩም፤ በለመድኩት ፍጥነት አለፍኩ፣
መስመሩ ከዐይኗ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ሲሮጥ አየሁ።
አልተሳደበችም። በምራቋ ጠረገችው፣ ደግማ ጀመረች፣
አንድ ዐይኗ እንደቀላ ሆስፒታሉ ጋ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ኩርባው ላይ
እጀታውን በሁለት ጣት ወደ ኋላ እስባለሁ፣
ኩል እንደሚሳበው፣ ቀስ፣ በአንድ ትንፋሽ፤
አርባ ቶን ብረት በሽፋሽፍቷ ጠርዝ
ያለ ኮሽታ ይንሸራተታል።
ሁለት መቶ ሰው ተሳፍሯል፤ አንዱም አላወቀም።
እሷም አላወቀችም።

በሬዲዮ ይጠሩኛል፦
«ዝሁር፣ ገበያው ጋ ዛሬም አርባ ሰከንድ ዘገየሽ። ምን ገጠመሽ?»
«ሀዲዱ እርጥብ ነው» እላለሁ።
ዝናብ ካየን ሦስት ወራችን ነው።
ሰውየው ዝም ይላል። መስኮት ሳይኖረው አይቀርም፣
ወይም ሴት ልጅ ይኖረው ይሆናል።

በስክሪኑ ልጅቷ አንዱን ዐይን ጨርሳ
ሁለተኛውን ትመለከታለች።
ቆይ፣ ትንሽ ቀርቷታል።
ይኸው ክዳኑን ገጠመች።
ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀጥታ ነው፤
አሁን መፍጠን ይቻላል።