የቴምር ማር ጓዳ

ቁልፉ ክንድ ያህላል፣ የዛገ፣ የከበደ፤
ስንቱን ዘግቶ እንዳስቀረ፣ ስንቱን እንዳስኬደ
እሱ ብቻ ያውቃል።
እኔ የማውቀው በሩን ነው፦
ከሐጀር ተራራ ሥር፣ ከጭቃው ግንብ ወገብ፣
ቁመቱ የልጅ ቁመት፣ ጎንበስ የሚያሰኝ በግድ።
ጥንት ጠላት ሲመጣ እንዲህ ነበር ይላሉ፤
አንገቱ ቀድሞ ይገባል፣ ሰይፍ ውስጥ ይጠብቃል።
ዛሬ ጎብኚው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይስቃል።

ኸልፋን ነው ያሳየኝ፣ ሽማግሌው ዘበኛ፣
ጥርሱ ሦስት የቀረው፣ ወሬው ግን ጥርሰኛ፦
«ይኸውልሽ ጓዳው፣ ወለሉ ትልም ትልም፤
ጆንያ በጆንያ ላይ ቴምሩ ሲከመርም
በገዛ ክብደቱ ይጨመቅ ነበረ፣
ማሩ በቦዩ ወርዶ ማሰሮ ሞልቶ አደረ።
ጠላት ከበር ሲደርስ ያው ማር ይፈላና
ከላይ በዚች ቀዳዳ...» ይልና ይልና
ዝም ይላል። ቀና ብዬ ቀዳዳዋን አያለሁ።
ጣፋጭ ነገር ሲያቃጥል እኔም ትንሽ አውቃለሁ፤
የደላላዬም ምላስ ማር ነበር።

አሁን እዚያ ጓዳ አምፖል ተሰቅሏል፣
በሁለት ቋንቋ ጽሑፍ «መጋዘን» ተብሏል።
ሐሙስ ሐሙስ ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፣
ልጆች መድፉ ላይ ወጥተው አይስክሬም ያፈሳሉ፤
እኔ እጠርጋለሁ፦
የቲኬት ቁራጭ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የሠርግ አበባ።

ከደረጃው በታች አንዲት ክፍል አለች፣
መስኮት የሌላት፣ ጽሑፍም ያልታደለች።
ኸልፋን እዚያ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤
ጎብኚ ሲጠይቀው «ባዶ ናት» ይልና ያልፋል።
አንድ ቀን ግን ዝናብ ጥሎ፣ ሰው የቀረ ዕለት፣
«የአያቴ እናት» አለኝ፣ «የኖረች እዚህ ናት፤
በልጅነቷ በጀልባ ካንቺ አገር ተጭና፣
ቴምር ስትሸከም፣ ማሩን ስትቀዳና
ስታፈላ ኖረች። ሐበሻዋ አሏት።
ስሟን የጠየቃት...»
አልጨረሰም። ቆየት ብሎ፣
ቁልፉን በሻሹ ጫፍ እየወለወለ፣
«እናንተ ዘንድ ለሴት ልጅ ምን ምን ስም ይወጣል?» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያችን ክፍል ስጠርግ
በቀን አንድ ስም እጠራለሁ፦
ጫልቱ።
በማግስቱ፣ እንኮዬ።
ሐሙስ ለት፣ ዳሜ።
መጥረጊያዬን አቁሜ ጥቂት እጠብቃለሁ።
ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ድምፅ ይውጣል እንጂ አይመልስም።
የማውቃቸው ስሞች ወደ ማለቁ ናቸው፣
የራሴን ግን እስካሁን አልጠራሁም።

አውቶቡስ ቆመ። ልሂድ፣
«ጎንበስ በሉ» ልበላቸው።