መስኮት አራት

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ፒያሳ፤ ሊፍቱ ከቆመ ቆየ፤
እዚህ የደረሰ ሁሉ ያለከልካል፣ ወንበር ወንበሩን እያየ።
"ቁጥር ሃምሳ ሰባት፣ መስኮት አራት ይቅረቡ!"
አራት ሰዎች መጡ፣ መስታወቴን ከበቡ።

ሻጭ፦ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ከሠራተኛ ሰፈር፤ ነጭ ሻሽ፣ የወንድ ካፖርት፣
በፌስታል የታጨቀ የግብር ካርኒ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት።
ገዢ፦ አቶ ሙራድ፣ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣
አንዱ ሲጮህበት ሌላውን የሚያጠፋ፣ እንዲሁ የፈዘዘ።
ምስክር ሁለት፦ አንዱ ደላላው፣
አንዱ አቶ ክብረት፣ ጎረቤት፤ ከዘራቸው ብቻ ነው የሚሰማው።

የኔ ሥራ መጠየቅ ነው፦
"ውሉን አንብበዋል? በፈቃድዎ ነው? ያስገደደዎት አለ?"
ሴትዮዋ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ
ከጀርባዬ "ሲስተም የለም!" ተባለ።

ሲስተም የለም ማለት
ሻጭም ሻጭ አይደለም፣ ገዢም ገዢ አይደለም ማለት፤
ብሩ ባንክ ተንጠልጥሎ፣ ቤቱ አየር ላይ ሆኖ፣
ሰው አግዳሚው ላይ ተኮለኮለ፣ እንደ ለቀስተኛ ኮቱን ተጀቡኖ።

"ልጄ፣" አሉኝ በመስታወቱ ቀዳዳ፣ "እሱ እስኪመለስ
ከዚህ ውል የቀረ አለ፤ ይጻፍልኝ፣ ሳልፈርም፣ ሳልጨርስ።
በሩን ባሌ ያሰፋው ለመኪና መስሎሃል? መኪና የት አይተን!
ከኋላ አራት ቤት አለ፣ መውጫቸው ስርጓጉጥ፣ ቀጭን፤
ሰው ቆሞ ይወጣበታል፣
ተኝቶ አይወጣበትም፤ ልንገርህ እቅጩን።
ደብሪቱ፣ አናጢው ሸዋረጋ፣ ያቺ በአራስነቷ የቀረች ልጅ፣
ሁሉም የወጡት በኔ ግቢ ነው፣ በኔ ደጅ።
በአፍ ነው የተዋዋልነው፤ ቴምብር የለው፣ ማኅተም፤
ነገ ይህ ሰው ቢያጥረው፣ ሬሳ በጣራ አይሄድም።"

ቅጹን አገላበጥኩት። ስፋት፣ በካሬ ሜትር።
አዋሳኝ፣ በሰሜን መንገድ። የቤት ቁጥር። የካርታ ቁጥር።
"የሙት መሄጃ" የሚል ሣጥን ፈለግሁ፣ አጣሁ፤
"ቦታ የለውም፣ እማማ" ብዬ ዓይኔን ከዓይናቸው አወጣሁ።

(በቀን አሥራ አምስት ቤት ከሰው ወደ ሰው አሻግራለሁ፤
ማታ ለጀሞ ታክሲ ተሰልፌ፣ የኪራይ ክፍሌን እከፍታለሁ።
ያለኝ ቤት ስንኝ ጫፍ ላይ የምመታው ነው፤
እሱም አንዳንዴ ይስተኛል።)

የአቶ ክብረትን መታወቂያ እስካሁን አላየሁትም ነበር።
አየሁት። የኋላው ቤት፣ ሦስተኛው በር።
ሰባ ስድስት ዓመታቸው።
አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከዘራቸውን ያያሉ፣ ጫፉን፣ ጎማ የለበሰውን።

ሙራድ ሁለቱንም ስልክ አጠፋ። ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ።
"ስንት ይሆናል ስፋቱ?" አለ ሙራድ፣ "ከነተሸካሚው?"
ሴትዮዋ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ "ይኼን ያህል"፤
የካፖርቱ እጅጌ ተንዠረገገ።
ሙራድ በዓይኑ ለካ። ምንም አላለ።

"ሲስተም መጣ!"
ያ ሁሉ ለቀስተኛ ብድግ አለ፣ ተጋፋ፣ ተንጫጫ።
"በፈቃድዎ ነው?" ደገምኩት።
"አዎ" አሉ፤ ግን እኔን አይደለም ያዩት።
ፈረሙ፤ ሙራድ ፈረመ፤ ደላላው ቀድሞ ፈርሞ ነበር፤
አቶ ክብረት ስማቸውን ሙሉውን ጻፉት፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ተማሪ ደብተር።

ማኅተሙን መታሁ። ቁጥር ሃምሳ ስምንት ተሰለፈ።
በተከፈተው በር፣ ደረጃው ጋ፣ ለሁለት ሰው በሚጠበው፣
ሙራድ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ
ሽማግሌውን አሳለፈ።