ዝገት

መርከብ መሥሪያው ተዘጋ፤ ወንዙ ቀይ እንደለበሰ ቀረ፤
የኮልዶ አባት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጓንት መቁጠር ጀመረ።
ሃያ ሁለት ዓመት ብየዳ፣ ሃያ ሁለት ጥንድ ጓንት፣
የሁሉንም ቀኝ አውራ ጣት እሳት በልቶት።

ያን ክረምት ቢልባኦን ሥራ ፈት ሞላት፣ ዝናብ ሞላት፤
ከዓሣ መጋዘኑ ሥር ግን አራት ልጆች ሥራ በዛባቸው በየሌሊት።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር» ይባል የለ?
ጋራሲ ከበሮም የላት፤
የቀለም በርሜል፣ የድስት ክዳን፣ ሁለት የወንበር እግር።
በእጇ አላማረም።
ማማሩን ማን ፈለገው?

ኮልዶ ከጊታሩ አራት ክር ቀርቶታል፤
ኡናይ ቤዙን ሲስት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል
(ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን እንጂ መልኩን ያየ የለም)፤
ኢትሲያር ትጮኻለች። የመጀመሪያ ግጥሟ ሰባት ቃል ነው፣
አምስቱ የአሠሪዎች ስም።

«ስማችሁስ?» ሲባሉ፣ ኮልዶ፦
«ዝገት። ከአባቴ ሸሚዝ ሳሙና ያላስለቀቀው እሱን ብቻ ነው።»

መጀመሪያ ቀን አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ሦስቱ አውቶቡስ ጠባቂ።
ባለ ቡና ቤቱ መብራት አጠፋ፤
በጨለማ ቀጠሉ፤ በርሜል መብራት አይፈልግ።
በሁለተኛው አርባ። በሦስተኛው በሩ ተገነጠለ።

ከዚያ ካሴት፦ ሦስት መቶ፣ በኢትሲያር እናት ማድ ቤት፣
በሁለት ቴፕ፣ አንድ በአንድ፣ እንቅልፍ በማጣት፤
ሽፋኑ ላይ ከድንች የተቀረጸ ማኅተም።
የዓሣ መኪና ነጂዎች ከበረዶው ጋር ጭነው ወሰዱት፤
ከቱሪን ደብዳቤ መጣ፣ ከናንት፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፦
«ካሴቱ ተበጠሰ፤ ሌላ ላኩልን።»

ከማድሪድም ሰው መጣ፣ ቦርሳው አዲስ፣ ጫማው የሚያበራ፤
«ዝገቱን ጥቂት ብትወለውሉት» አለ፣ «ስማችሁ ባገር በተጠራ።»
ውሉ አሥራ አራት ገጽ፤ ጀርባው ንጹሕ ነበር።
ቆራርጠው የሁለተኛውን ካሴት ሽፋን አተሙበት።

በዚያው ሰሞን የኮልዶ አባት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።
እጁን ኪሱ ከትቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።
«ይኼ ዘፈን አይደለም» አለ።
የተሰበረውን የማይክ እግር ይዞ ወጣ፤ ማታ በይዶ መለሰ።
የጋራሲን መዳፍ ገልጦ አየ፤ ውኃ ቋጥሯል።
ምንም ሳይል አንድ ጥንድ ጓንት በርሜሉ ላይ አስቀመጠ።

ዛሬ ደጃፉ ላይ ሲቆጥር
ሃያ አንድ ሲል ይቆማል፤
ጆሮውን ወደ መጋዘኑ ይጥላል።