ውሃ ልክ

ከሽንሌ ገበያ ስመለስ በምሽት፣
ፔጆዬ እያሳላት ስትጎትት ያን ቤት፣
(ቤት ስል የቆርቆሮ፣ ሁለት ጎማ ያለው፤
ቀን ሱቄ፣ ማታ አልጋዬ፣ ዘመዴም እሱ ነው፤)
ደቻቱ ዳር ደረስኩ፣ ከሮቃው ዛፍ ሥር።
ሰው የለም። ውሃም የለም። አሸዋና ጠጠር።

የድሬ መሬት እንዲህ ነው፤ ለዓይን ሜዳ ይመስላል፣
ብሎን ስታኖርበት ግን ይንከባለላል።
አንዲት ብሎን ነበረች፣ ከሰሊጥ የምታንስ፣
የሐጂ አብዱረዛቅን ሰዓት ስከፍት ሳልተነፍስ፣
ገበታው ዘመም አለ፣ ተንከባላ ወረደች፤
ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ አሸዋ ሆና ቀረች።
ቤቱ ልክ ካልገባ ሥራ የለም፣ እንቅልፍም፤
ደሙ ወደ ራሱ ሲወርድ የሚያድር ሰው አያርፍም።

ድሮ ሮብሌ ነበር፣ ከወዲያ ማዶ ቆሞ፣
ሐዲድ ሲያነጥፍ ኖሮ ጸጉሩን ያስረጀ ቀድሞ።
እኔ ክሪኩን ሳዞር፣ እሱ ውሃ ልኩን ያያል፤
«ዋሪያ! ወደኔ! ወደኔ! ... አለፈህ!» ይላል።
አንድ ጣት ስንጨምር፣ አንድ ጣት ስንቀንስ፣
ጀንበር ጠልቃ ታልቃለች፣ እኛ እስክንጨርስ።
ተጣልተን እናውቃለን በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፤
ታርቀን እናውቃለን በብርጭቆ ሻይ ላይ።

አሁን ጅቡቲ ነው፣ ከልጁ ዘንድ፤ ጉልበቱ
አልታዘዝ ብሎት። ሲሄድ ግን፣ በሌሊቱ፣
ውሃ ልኩን ትቶልኛል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣
«ይቺ አረፋ አትዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ብሎ።

ብቻዬን የሞከርኩ ቀን፣ ያየሁት አሳር!
ክሪክ ማዞር፣ መሮጥ፣ ማጎንበስ፣ መጠርጠር፤
ተመልሼ ሳዞር፣ ተመልሼ ስሮጥ፣
ባለባጃጁ ሁሉ በሳቅ ሆዱ ሲቆረጥ።

ዘግይቶ ገባኝ እንጂ ብልሃቱ ቀላል ነው፦
ሁለተኛ ሰው ቢጠፋ፣ እጅ ዓይንን ይጥራው።

ዝቅ ባለው ጎማ ፊት ሳንቃዬን አስተኝቼ፣
በፔጆዋ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ስቤ አውጥቼ፣
ከቤቱ ግንባር ላይ ጠርሙስ አጋድሜያለሁ፣
እስከ ግማሹ ሻይ ነው፤ በመስታወት አያለሁ፤
ሻዩ ከከሰል መስመሬ እኩል ሲያርፍ፣ እቆማለሁ።

ከዚያ ድንጋይ፣ ከፊትም ከኋላም ለጎማው፤
ድንጋዩን ለረሳ ሰው፣ ደቻቱ ታች ነው።

ፔጆዋን ፈትቼ፣ ውሃ ልኩን አኖራለሁ
ከመጎተቻው ክንድ ላይ። ከጎኑ እንበረከካለሁ።
የፊቷን ትንሽ ጎማ፣ እጀታዋን ሳዞር፣
አረፋዋ ነቅታ ትጀምራለች መኖር፦
ትሄዳለች፣ ታመነታለች፣ ከመስመሯ ታልፋለች፣
የረሳችው እንዳለ ሰው ደግሞ ትመለሳለች።

አራቱን እግር የማወርደው በመጨረሻ ነው፤
«እግር ለማጽናት እንጂ፣ አይደለም ለማንሳት» ያለው
ሮብሌ ነው። በእግር ከተነሳ፣ ወለል ይጎብጣል፤
የጎበጠ ወለል ደግሞ በር አላዘጋም ይላል።

ሃያ ደቂቃ። ብቻዬን። አንዲት ቃል ሳልናገር።
መኩራት አማረኝ፤ የማሳየው ሰው ግን አልነበር።

ስልኩ ጠራ። «ጥላዬ! ዋሪያ! ቤቱ እንዴት ነው?»
አየሁ። አረፋዋ የጸጉር ያህል ዘንበል ያለችው
ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ባሕር።
ሩብ ዙር ይመልሳት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ ለማዞር።

«ልክ ነው» አልኩት።
          «ውሸታም» አለና ሳቀ፤
ሂሳቡ አልቆ መሰለኝ፣ ድምፁ ድንገት ራቀ።

ገባሁ። ፋኖሱን አበራሁ። የአንዱን ሰዓት ሆድ ከፈትኩ።
የመጀመሪያዋን ብሎን ከገበታው ላይ አኖርኩ።
ትንሽ አሰበች።
ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ወደኔ መጣች፤
በጣቴ ያዝኳት።