ከመለኪያው በታች

በሳክሶኒ፣ ሙልደ ወንዝ በሚታጠፍበት፣
ግራውንታል በምትባል ትንሽ ከተማ፣
የዚንክ ማቅለጫው ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤
ጭሱ ግን አፈር ገብቶ፣ ገና አልተኛማ።

የእኔ ሥራ ቁጥር ነው።
ከጓሮ አትክልቱ የመጣ ስልሳ አራት ከረጢት አፈር
ቤተ ሙከራው አድርቆ፣ ነፍቶ፣ በአሲድ አሟሙቶ፣
በሰንጠረዥ ላከልኝ፣ ካድሚየሙን ሰፍሮ።

ስከፍተው ሁሉም ቁጥር አይደለም፤
ሃያ ሦስቱ መስመር ላይ አንዲት ምልክት ቆማለች፣
የጫጩት አፍ የመሰለች፣ ወደ ቀኝ የተከፈተች፣
«ከዜሮ ነጥብ አራት ያነሰ» ትላለች።

ያነሰ። በስንት ያነሰ? አትናገርም።
የመሣሪያው ዓይን እስከዚያ ድረስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ፤
የለም ለማለት አይደፍርም፣
አለ ብሎም አይምልም።

ፕሮግራሙ ይጠብቃል።
ነጭ መስኮት፣ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ፤
«ላልታዩት ምን ልተካ?» ይለኛል፣
ብዕሩን ነክሮ ቃል እንደሚጠብቅ የችሎት ጸሐፊ።

ዜሮ ብዬ ሞከርኩ።
አማካዩ ወረደ፣ ሕጉ ካሰመረው መስመር በታች ተኛ፤
ካርታው አረንጓዴ ለበሰ፣ ዥዋዥዌው ለልጆች ተፈቀደ።
ግማሹን ብዬ ሞከርኩ፤
መስመሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆመ፣ እንደ ሽመላ።
ሙሉውን ብዬ ሞከርኩ፤ ካርታው ቀላ።
አንድ አፈር፣ ሦስት ፍርድ።
አፈሩ ንቅንቅ አላለም፤ ጣቴ ነው የተንቀሳቀሰው።

አለቃዬ ቲልማን በትከሻዬ አሻግሮ አየና
«ግማሹን አድርገው፤ ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራነው፣
ማንም አይጠይቅም» ብሎ ብስኩቱን ገመጠ።
ፍርፋሪው በቁልፎቹ መካከል ገባ። እስካሁን አለ።

ከዝርዝሩ ግርጌ ግን ማንም የማይነካው ሌላ መንገድ ነበር፤
ያልታየውን ያልታየ ይለዋል፣ ቁጥር አይፈጥርለትም፤
የታዩትን በተርታ አሰልፎ
ያልታዩትን ከነጥርጣሬያቸው ያስቀምጣል፣
አምስት ሺህ ጊዜ ዕጣ ያወጣል፣
ማራገቢያው ይጮኻል፣ ጠረጴዛው ይሞቃል፣
በመጨረሻም አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦
ከዚህ እስከዚህ።
የሕጉ መስመር በሁለቱ መካከል።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ጉድሩን ፔሾልት መጡ፣
በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣
ጭቃ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ በካልሲ።
«ቁጥር አርባ ሰባት የእኔ ቦታ ነው።
ካሮቴን ልብላው ወይስ አልብላው?»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ከዚህ እስከዚህ አልኩ።
ስለ አፈር ተጠይቄ አፈርኩ።
ዜሮ ቢሆን እንዴት ይቀል ነበር፣ አልኩ በሆዴ።

እሳቸው መነጽራቸውን አወረዱ።
«ዜሮን አውቀዋለሁ» አሉ።
«ባሌ ቨርነር ከእቶኑ ሥር ነበር የሚሠራው።
በየወሩ ሐኪም መጥቶ ደሙን ይቀዳል፣
ውጤቱ በፖስታ ታሽጎ ወደ ላይ ይሄዳል፤
ወደ እኛ የሚወርደው ሁሌም አንድ ቃል፦ ምንም።
ንቦቼ አለቁ፣ ምንም።
የጎረቤቴ ላም ጉልበቷ ከዳት፣ ምንም።
ቨርነርን ስንቀብረው
ያ ምንም አርባ ሁለት ኪሎ ይመዝን ነበር።»

ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳበሱት፤
ከቁጥር እስከ ቁጥር በስንዝር ለኩ፣
ጣቃ እንደሚገዛ ሰው።
«ይሄኛው ወርዱን አልደበቀም» አሉ።

ከዚያ ከዘንቢላቸው ሦስት ካሮት አውጥተው
ከነአፈሩ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከቲልማን ፍርፋሪ አጠገብ አኖሩት።
«ይህንንም ስፈሩት።»
በካልሲያቸው ወጡ። ደጅ ላይ ጫማቸው ሲንኳኳ ሰማሁ።

አዲስ ከረጢት አወጣሁ፤ ስልሳ አምስት ብዬ ጻፍኩበት።
አንደኛው ካሮት ድንጋይ መክቶት ኖሮ
ከወገቡ በታች ለሁለት ተከፍሏል፣
እንደዚያች ምልክት አፉን ከፍቶ።
ወደ ቀኝ ላስተኛው ወይስ ወደ ግራ?
ይዤው ቆየሁ።